ለሙና የተላከው ስልክ

ሱንታሌ መንደር፣ ሐምሌ 3

ለምወድህና ለምሳሳልህ ለአጎቴ ልጅ ለዳንራጅ፣

የቤታችን ሦስቱ የምድጃ ድንጋዮች ባለህበት አገር ይጠብቁህ። ጤናህ እንዴት ነው? የኮሪያ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ዳጉሳውን ተክለን ጨርሰናል፤ ላሚቱ ወልዳለች፤ ልጄ ሙናም ደህና ናት።

በወረቀት ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ። ባለፈው ወር ተራራው ተንሸራቶ የስልክ ማማውን ይዞት ወርዷል፤ ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ መደወል የለም። ይህን ደብዳቤ በቅሎ ነጂው ማንባሃዱር ዲክቴል ከተማ ድረስ ይወስደዋል። እዚያ ሞባይል ጠጋኙ ካጌንድራ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። መልስህንም ለእሱ ላክለት፤ አትሞ ለማንባሃዱር ይሰጠዋል። መንገዱ ስለተቆረጠ መዘግየቱ አይቀርም፤ ታገሥ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ለሙና የላክህላት ስልክ ሁለት ወር ሙሉ አሳርፎን ነበር። ክንዷ ላይ የምንለጥፈው መለኪያ የደሟን ስኳር ለስልኩ ይነግረዋል፤ ሲወርድባት ይጮኻል፣ ሲወጣባትም ይጮኻል። ጣቷን በመርፌ መውጋት ትተን ነበር። ልጅቷ በስምንት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆች ጋር ወንዝ ወርዳ ስትጫወት ያየኋት በዚህ ስልክ ምክንያት ነው።

የዛሬ አሥር ቀን ኢንሱሊን ልንወስድ ዲክቴል ወረድን። ዝናብ ይዞን ካጌንድራ ሱቅ ተጠልለን ሳለ ስልኩ የሱቁን ኢንተርኔት አገኘና “አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫን?” አለኝ። አንተ ሁልጊዜ “እትዬ፣ አፕዴት ሲመጣ እሺ በይ፤ እምቢ ያለ ወደ ኋላ ይቀራል” ትለኝ የለ? እሺ አልኩት። ጠፍቶ በራ። ከዚያ ወዲህ የመለኪያው አፕ ይከፈትና “በዚህ ስልክ ላይ አልሠራም” ብሎ ይዘጋል።

ካጌንድራ አገላብጦ አየውና “እትዬ ኒርማያ፣ ይሄ ስልክ ግን በእርግጥ አዲስ ነው?” አለኝ። ተቆጣሁት። የአጎቴ ልጅ ከነካርቶኑ ከሱቅ ገዝቶ የላከው ነው አልኩት። ስልኩን መለሰልኝ።

ምን ላድርግ? ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ስልኩን እንደ ድሮው የማደርግበትን ብቻ ንገረኝ። ፈጠን በል።

እህትህ ኒርማያ

—

አንሳን፣ ኮሪያ፣ ሐምሌ 24

እንደ እናት ሆና ላሳደገችኝ ለእትዬ ኒርማያ፣

እግርሽ ሥር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ እጅግ ደህና ነኝ። ሥራው እንደ ልማዱ ነው። ፋብሪካው በዚህ ወር ብዙ ትእዛዝ ስላለበት ቶሎ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ይቅር በዪኝ።

ስለ ስልኩ አትጨነቂ። ይህ እኔ በደንብ የማውቀው ነገር ነው። እዚህ ማደሪያችን ውስጥ የአገራችን ልጆች የትኛው ስልክ ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ የሚያስታርቀው ዳንራጅ ነው። ነገሩን እንድትረጂው ከሥሩ ላስረዳሽ።

ስልኮች የሚሠሩት ከሞላ ጎደል በሁለት ዓይነት ሲስተም ነው። አንዱ አንድሮይድ ነው። ብዙ አምራቾች ይወስዱትና እያንዳንዱ በየራሱ መልክ ያወጣዋል። ስለዚህ ማሻሻያው አንዱ ስልክ ላይ ዛሬ ቢደርስ ሌላው ላይ ከወራት በኋላ ነው፤ ርካሹ ላይ ጭራሽ ላይደርስ ይችላል። ነገር ግን በሩ ክፍት ነው። አፕ ከውጭ አምጥተሽ ትጭኛለሽ፣ እንደ ፍላጎትሽ ትቀያይሪዋለሽ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ወደ አሮጌው ሲስተምም ይመልስልሻል። ሌላው አይፎን ነው። ስልኩንም ሲስተሙንም የሚሠራው አንድ ቤት ስለሆነ ማሻሻያው ለሁሉም እኩል ይወጣል፤ ዓመታት ያስቆጠረውም ስልክ ይደርሰዋል። የዚያኛው በር ግን ጠባብ ነው። እነሱ ያልፈቀዱትን አያስገባም፣ አንዴ ካሻሻልሽው በኋላም መመለስ በጣም ይከብዳል። ብዙ ነገር ለመነካካት የሚወድ አንድሮይድ ይይዛል፤ ሳይነካካው ረጅም ዓመት እንዲሠራለት የሚፈልግ ሌላውን ይይዛል። እኔ ለልጆቹ የምሰጣቸው ፍርድ ይህ ነው፤ እስካሁን የተቃወመኝ የለም።

ያንቺው አንድሮይድ ስለሆነ ይመለሳል። ለካጌንድራ “ወደ ቀድሞው ሲስተም መልሰው” በዪው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሙናን ፎቶዎች አስቀድሞ ያውጣልሽ። ከዚያ ወዲያ ማሻሻያ ሲጠይቅሽ እሺ አትበዪ። ስለ አዲስነቱ የጠየቀሽን ደግሞ ተዪው። የገጠር ጠጋኝ ያላየውን ሁሉ ይጠራጠራል።

ለዳሻይን በዓል ወደ አገር የሚገባ ጓደኛ አለኝ፤ ምናልባት የተሻለ ስልክ እልካለሁ፤ ካሜራውም ጥሩ የሆነ። ሙናን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ ዳንራጅ

—

ሱንታሌ፣ ነሐሴ 19

ለወንድሜ ለዳንራጅ፣

ጤና ይስጥህ፤ እጅህንም ልብህንም ይጠብቅልህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ስልክ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍክ፤ ስለ ሙና “ሳሚልኝ” አልክ። አልተቀየምኩም፣ ብቻ ቆጠርኩት።

እንዳልከው ስልኩን ለካጌንድራ ላክሁት። ወደ ቀድሞው ሲስተም መለሰውና ከአንድ ወረቀት ጋር ላከልኝ፤ “እትዬ፣ አፕዋ ተከፍታለች፤ ግን ይሄ ሲስተም የአምራቹ አይመስለኝም፣ ሰው የነካካው ነው፤ ብዙ አትመኪበት” ይላል። ሦስት ቀን ሠራ። ዘፈንኩ ማለት ይቻላል።

በአራተኛው ቀን ሙናን ይዤ ዳጉሳ ላርም ወረድኩ። እሷ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ትጫወታለች። ስልኩን በየጊዜው አየዋለሁ፤ 121 ይላል። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ከሰባ እስከ መቶ ሰማንያ ያለው ደህና ነው ብሎናል ሐኪሙ። አርሜ አርሜ ደግሜ አየሁ፣ 121። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ለምሳ ጠራኋት፤ አልመለሰችም። ስሄድ ሣሩ ላይ በጎኗ ተኝታለች፣ ልብሷ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ ተከፍቷል ግን እኔን አያይም። ስልኩን አየሁ፣ 121። ደርቆ የቀረ የጠዋት ቁጥር ነበር፣ ዳንራጅ። ከጠዋት ጀምሮ ያን ቁጥር እያየሁ ደህና ናት እያልኩ ነበር የማርመው።

ላቡ የስኳር መውረድ ምልክት ነውና ማር በጣቴ ድዷ ላይ ቀባሁላት። ጎረቤታችን ሽማግሌው ጃሳሃንግ ውሃ ይዘው ሮጡ። ቆይታ ቆይታ “እማ፣ እጄ ላይ ጉንዳን አለ” አለች። 

አንድ ያልነገርኩህም ነገር አለ። በሐምሌው ደብዳቤ ደህና ናት ያልኩህ ውሸት ነበር። ስልኩ እምቢ ባለ በሦስተኛው ቀንም ወድቃ ነበር። በሰው አገር ብቻህን ሆነህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የደበቅሁህ።

አሁን ወደ ጣት መውጋቱ ተመልሰናል። የጣቷን ደም የምናስነካው የመሣሪያው መመርመሪያ ወረቀት አርባ ያህል ቀርቶኛል። መንገዱ ስለተቆረጠ ዲክቴልም አልቋል፣ የጤና ኬላውም የለውም። ስለዚህ ስልክ አልፈልግም። ካሜራም አልፈልግም። ወረቀቱን ብቻ ላክልኝ። ቶሎ።

ኒርማያ

—

ሱንታሌ፣ መስከረም 4

ዳንራጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ማንባሃዱር ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለቴም ባዶ እጁን መጣ። ካጌንድራ ደብዳቤዬ እንደደረሰህ፣ እንዳነበብከውም ስልኩ ላይ እንደሚታይ ነግሮታል። አንብበህ ዝም አልክ?

ወረቀቱ አሥራ አንድ ቀርቷል። በቀን አራት ጊዜ እለካት የነበረውን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሌላውን በግምት ነው። እንዳትወድቅብኝ እየፈራሁ ኢንሱሊኑን እቀንስላታለሁ፤ ደግሞ ቀነስኩባት ብዬ እፈራለሁ። ፊቷን ሳይ ነው የምውለው። “እማ፣ አትዪኝ” ትለኛለች።

ከበደልኩህ ንገረኝ። ባለፈው ስለ ደብዳቤህ ያልኩት ከብዶህ እንደሆነ ይቅር በለኝ። ብቻ መልስ ስጠኝ።

ኒርማያ

—

አንሳን፣ መስከረም 15

እትዬ፣

ሰላምታና ምርቃት ለመጻፍ አፍ የለኝም። አንቺው መርቂኝ፣ ወይም ተዪኝ።

የነሐሴውን ደብዳቤሽን በላስቲክ በተሸፈነ አትክልት ቤት ውስጥ ቃሪያ እየለቀምኩ ነው ያነበብኩት። ላስቲኩ ሥር ተቀምጬ ቀረሁ፤ አሠሪው ታመመ ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ከዚያ በየቀኑ ልጽፍልሽ ተነሥቼ ተውኩ። እውነቱን ሳልነግርሽ ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው።

አትክልት ቤት ማለቴን ልብ ብለሻል። ፋብሪካ የለሁም። መጋቢት ላይ ማሽን የግራ እጄን ሁለት ጣቶች ወሰደ። ከተሻለኝ በኋላ ለሥራው አትሆንም ተባልኩ። አሁን የተገኘውን የቀን ሥራ እሠራለሁ። የሐምሌውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ፋብሪካው ብዙ ትእዛዝ አለበት ያልኩት ሌሎቹ ልጆች እራት ላይ ሲያወሩ የሰማሁትን ነው።

ስልኩም አዲስ አልነበረም። ሐኪሙ ለሙና ስልክ ያስፈልጋታል እንዳለሽ የነገርሽኝ ጣቶቼ በቆሰሉበት ሰሞን ነው። ከእሁድ ገበያ ከአንድ ሰው ገዛሁት። አምራቹ ማሻሻያ መስጠት ያቆመለት አሮጌ ስልክ ላይ ሰውየው ራሱ የሠራውን ሲስተም ጭኖ፣ አዲስ አስመስሎ በካርቶን ያሸገው ነው። ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ፦ “ይሄን ስልክ አፕዴት እንዳታስነካው። ከነካኸው አንዳንድ አፕ መነካካቱን ለይቶ ያውቅና እምቢ ይላል። የባንክና የሕክምና አፕ በተለይ የተነካካ ስልክ አይወድም።”

ሰምቼዋለሁ፣ እትዬ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ላስጠነቅቅሽ አስቤ ነበር። ግን አታሻሽዪው ብልሽ ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። አሮጌ ነው ብልሽ አዲስ ለምን አልገዛህም ትዪኛለሽ። ከዚያ ሥራዬን፣ ከዚያም ጣቶቼን። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ካጌንድራ እውነቱን ሲነካ ደግሞ የገጠር ጠጋኝ ብዬ ሰደብኩት። ያን ሁሉ ገጽ ስለ ሲስተም የጻፍኩልሽ አዋቂ መስዬሽ ሌላ ነገር እንዳትጠይቂኝ ነው። የጻፍኩት ሐሰት አይደለም፤ ግን ላንቺ የሚጠቅመውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመሐሉ አስቀርቼዋለሁ።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርሽ። ወረቀቱን ከነመሣሪያው በነሐሴ መጨረሻ በፖስታ ልኬዋለሁ፤ ካትማንዱ ደርሶ ቁጭ ብሏል፣ ለምን እንደቆመ የሚነግረኝ አጣሁ። ጓደኛዬ ሱክባሃዱር ግን ነገ ይበራል። የእኔን የራሴን አይፎን ሰጥቼዋለሁ። ደህና በነበርኩበት ጊዜ የገዛሁት ነው፤ ማንም አልነካካውም፣ ገና ለዓመታት ማሻሻያ ይደርሰዋል። የመለኪያው አምራች “በእነዚህ ላይ ይሠራል” ብሎ ያወጣውን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አየሁ፣ ለሱክባሃዱርም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስልኩም ሲስተሙም ተጽፈዋል። አፑን ጭኜ አስተካክዬዋለሁ፣ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። በራሱ እንዳያሻሽል ዘግቼዋለሁ። ወደፊት ሲጠይቅሽ ካጌንድራ ዝርዝሩን ሳያይ እሺ አትበዪ። ከእሱ ጋር ሁለት አዲስ መለኪያዎች አሉ።

ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የለኝም። ካጌንድራ ደብዳቤሽን በክፍል ጓደኛዬ ቁጥር ይላክልኝ፤ ከታች ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ሙና በሕይወት አለች?

ዳንራጅ

—

ዲክቴል፣ ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለዳንራጅ፣

አለች። መጀመሪያ ይህን አንብበህ ተቀመጥ፤ የቀረውን ቀስ ብለህ ታነበዋለህ።

ወረቀቱ መስከረም አጋማሽ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ግምት ሆነ። በመስከረም ማብቂያ ሙና ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። ቀጥሎ ማስመለስ። ቀጥሎ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ሯጭ መተንፈስ። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድነዋለች። ስኳሯ ወርዶ ነው ወይስ ወጥቶ? ወርዶ ከሆነ ማር ያድናታል፣ ኢንሱሊን ይገድላታል። ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው። ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም።

ሽማግሌው ጃሳሃንግ “ያን ጊዜም ያዳናት ማር ነው፤ ማር ስጫት” አሉኝ። ለክፋት አይደለም፣ እያለቀሱ ነው ያሉት። ሰጠኋት። አልተሻላትም። ደግሜ ሰጠኋት። ባሰባት።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ አራት ጎረቤቶቼ በሸክም ቅርጫት ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፈው አስቀመጧትና እየተቀባበሉ ተሸክመዋት ወረድን። እኔ በአንድ እጄ የማሩን ጠርሙስ፣ በሌላው ኢንሱሊኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁለቱንም ወንዝ ውስጥ ጥዬ መሬት ላይ መተኛት አምሮኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የእናት ሐሳብ አይደለም፤ ግን አሰብኩት።

ረፋድ ላይ ድልድዩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ስንደርስ አንድ ሻንጣ ያዘለ ሰው ሽቅብ ሊወጣ ጫማውን ያስራል። ቅርጫቱን አይቶ ተነሣ። “የሱንታሌዋ ኒርማያ ነሽ?” አለኝ። ሱክባሃዱር ነበር። መንገዱ በየቦታው ተቆርጦ ከካትማንዱ እስከ ዲክቴል አሥር ቀን ፈጅቶበት፣ ከዲክቴል ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። የራሱን እናት ገና አላያትም።

ስልክህን ከኪሱ አወጣ። መለኪያውን ክንዷ ላይ እዚያው ለጠፍን። ስልኩ አዲሱ መለኪያ መለካት እስኪጀምር አንድ ሰዓት ጠብቁ አለ። አንድ ሰዓት! ሰዎቹ ቆመን አንጠብቅም አሉ፤ ተሸክመዋት ጉዞ ቀጠልን። ከቅርጫቱ ጎን እየሄድኩ ስክሪኑ ላይ የሚቀንሰውን ደቂቃ ብቻ አያለሁ። እግሬ የት እንደሚረግጥ አላውቅም፤ ሱክባሃዱር ክንዴን ይዞ ይመራኛል። ትንፋሿ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከተሸካሚዎቹ አንዱ “ማሩን ድገሚያት እንጂ፣ ልጅቷ እኮ እየሄደች ነው” አለኝ። ጠርሙሱን ከፍቼ ማንኪያውን ነከርኩ። ሱክባሃዱር እጄን ያዘኝ። “ዳንራጅ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ነው ያየው፤ ለእኔም አንብቦልኛል” አለኝ። “ሃያ ደቂቃ ስጪው።”

ሰጠሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ሃያ ደቂቃ አላውቅም።

ቁጥር አልመጣም። “ከፍተኛ” የሚል ቃል ብቻ ነው የመጣው፤ ስልኩ ሊለካው ከሚችለው በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ይኸውልህ፣ ከዋዜማው ጀምሮ በገዛ እጄ መርዝ ሳበላት ነበር። ጠርሙሱን ወደ ገደሉ ወረወርኩት። ሐኪሙ ድሮ ለእንዲህ ያለው ቀን ጽፎልኝ የነበረውን ያህል ኢንሱሊን ወጋኋት፤ ከንፈሯን በውሃ እያረጠብኩ ወረድን። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ተቀበለን። ሐኪሟ ስልኩን አየች፣ ትንፋሿን አሸተተች፣ ሌላ ምንም ሳትጠይቅ መርፌ ሰካችባት። በሦስተኛው ቀን ሙና “ራበኝ” አለች። በስድስተኛው ቀን ወጣን።

አሁን መንገዱ እስኪጠገን ካጌንድራ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ተቀምጠናል። ስልክህን አገላብጦ አይቶት “እትዬ፣ ይሄኛው ያልተነካ ነው” አለኝ። በዚያን ቀን ስለተቆጣሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። አንተም ጠይቀው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሆስፒታል ውስጥ አልጋዋ አጠገብ ነው፤ ያተመው ካጌንድራ ራሱ ይዞልኝ መጣ። ስለ ስልኩ ስደርስ በጣም ተናደድኩ። አጠገቤ ብትሆን እመታህ ነበር፤ ይህን አልደብቅህም። ልጄ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ በሦስተኛው ሞት ደጃፍ ደርሳለች፤ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ያን ቀን እሺ አልልም ነበር። ስለ ጣቶችህ ስደርስ ግን ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም። ፊደል ሳስተምርህ እርሳስ የምትይዘው በግራህ ነበር። እኔ ነኝ በግድ ወደ ቀኝ ያዞርኩህ። ይህ ትዝ አለኝና ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ጮኽኩ።

እኔም ዋሽቼሃለሁ። ደህና ናት አልኩህ። እውነቱን በጊዜው ብጽፍልህ አንተም በጊዜው ትነግረኝ ነበር ይሆናል። ይህን እያሰብኩ ነው የምውለው። በደሉን ማካፈል ልብ አያሳርፍም፤ ግን ሁሉንም አንተ ላይ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።

ከእንግዲህ ስልክም ወረቀትም አልጠይቅህም። የፖስታው ጥቅል ትናንት ደርሷል። የምጠይቅህ ይህን ነው፦ የምትጽፍልኝን ሁሉ እንዳለ ጻፈው። ከራበህ ራበኝ በል። ሥራ ካጣህ አጣሁ በል። መምጣት ከፈለግህ ያቺ ቤት ያንተም ቤት ናት፤ ዳጉሳው አጫጅ ይፈልጋል፣ ለማጨድ ደግሞ ቀኝ እጅህ ይበቃል።

ሙና አጠገቤ ተቀምጣ እርሳሱን ስጪኝ እያለች ነው። እሷ ትጨርሰው።

አጎቴ ዛሬ ጠዋት 142 ነኝ።